ቆቁ፣ ውሻውና የኑር ዳድ ሪዝ

በዶክ ጃምጣል መንደር ከኑር ዳድ ምላጭ ያመለጠ ወንድ የለም። ሕፃን ሆኖ ያልተገረዘበት፣ ጎረምሳ ሆኖ የመጀመሪያ ጢሙን ያልተላጨበት፣ ሙሽራ ሆኖ ያልተከረከመበት ሰው ከተገኘ ወይ መንገደኛ ነው ወይ ውሸታም። በዚያ አገር ፀጉር ቆራጭ ፀጉር ቆርጦ ብቻ አይቀመጥም። የሠርግ ጥሪ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው እሱ ነው፤ በሠርጉ ዕለት ትልቁን ድስት ጥዶ ሩዝና ሥጋ የሚያበስለውም እሱ ነው። ስለዚህ የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ፣ ማን መላጣውን በጥምጥም እንደደበቀ ኑር ዳድ ያውቃል። ማወቁ ባልከፋ፤ ነገር አፉ ውስጥ አያድርለትም እንጂ።

የሰውን ሁሉ ፊት ሲያስተካክል የኖረው ሰውዬ የራሱን ግን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ሪዙ ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ ሁለቱ ጉንጮቹ ላይ ይጠቀለላል። ጠዋት ጠዋት በሰናፍጭ ዘይት ይታሻል፣ ጫፉ በመቀስ ይነካል እንጂ ምላጭ አይቶ አያውቅም። ሚስቱ ሳርዳራን ያገባችው ከነሪዙ ነው፤ ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ የተወለዱትም የተዳሩትም ከነሪዙ ነው። «ቻቻ ኑር ዳድ ቤት ሲገባ ሪዙ ቀድሞት ሰላምታ ይሰጣል» ይሉታል፣ «ቻቻ» ማለትም አጎቴ እያሉ የሚጠሩት ጎረምሶች። እሱ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የሚቀበለው።

ከሪዙ ቀጥሎ የሚወደው ቆቁን ነው። ሳርዳራን «እኔስ ስንተኛ ነኝ?» ስትለው «አንቺማ ከቁጥር ውጭ ነሽ» ይላታል፤ እሷም ምርቃት ይሁን ስድብ ሳይገባት ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ። ቆቁ ጥቁር አውራ ነው፤ ስሙ ባድሻህ። የመንደሩ ወንዶች ፀሐይ ሳትወጣ በጨርቅ የተሸፈነ የቀርከሃ ጎጆ ከነቆቁ አንጠልጥለው በለውዝ ማሳው ዳር ይንሸራሸራሉ፤ ሚስቶቻቸውን እንዲህ አንሸራሽረው አያውቁም። ጨርቁ ሲገለጥ ቆቁ ይጮኻል። ሃይማኖተኛው «ኃይልህ ይመስገን ጌታዬ» ሲል ሰማሁት ይላል፤ ባለሱቁ «ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል» ይላል። ኑር ዳድ የሚሰማው «ኑር ዳድን የሚያህል የለም» የሚለውን ነው።

በየዓመቱ በጸደይ፣ በአንድ ቅዱስ ሰው መቃብር ጉልላት አጠገብ በሚደረገው በዓል ላይ ቆቆች ይወዳደራሉ። ለአንዱ ቆቅ አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ የጮኸ ያሸንፋል። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው የማሊክ ጉልዛር ቆቅ ነው። ማሊክ ጉልዛር የለውዝ ማሳ ጌታ፣ የኑር ዳድ የልጅነት ጓደኛ፣ ባለ ወፍራም ሪዝ ሰውዬ ነው። አንድ የክረምት ጠዋት ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ኑር ዳድ ከሚሠራበት ዛፍ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ዘንድሮም ቱፋኔን የሚያክል አይመጣም» አለ ማሊክ ከአረፋው ውስጥ።

«ያንተ ቱፋን ሲጮህ የማን በር ነው የሚንቋቋው እላለሁ። ማጠፊያውን ዘይት አጠጣው እንጂ» አለ ኑር ዳድ።

«ዘጠኝ ዓመት ማን አሸነፈ?»

«ዳኛው ሃፊዝ ራምዛን ናቸዋ! ዐይናቸው አያይ።»

«በጆሮ እኮ ነው የሚቆጠረው፣ አንተ ሞኝ! ይልቅ ወንድ ከሆንክ እንወራረድ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኑር ዳድ ምላጩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣ «በሪዝ!» አለ። «የተሸነፈ ሪዙን በአሸናፊው እጅ ይላጫል። እዚያው ሜዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ!» ማሊክ እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ። ከምሽቱ ጸሎት በፊት ወሬው ሦስት መንደር አዳረሰ።

ኑር ዳድ አልሰጋም። ባድሻህ በዚያ ክረምት እንደ ጉድ ነበር የሚጮኸው። ምስጥ ቆፍሮ ያበላዋል፣ ለውዝ ቀጥቅጦ ያጎርሰዋል። በዓሉ አርባ ቀን ሲቀረው ግን ሳርዳራን የመጨረሻዋን ልጃቸውን ሹጉፍታን ልትጠይቅ ሄዳ በሻሏ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይዛ ተመለሰች።

«ምንድነው እሱ?»

«ጋብሩ ይባላል» አለችው፤ ቢጫ ጆሮ ብቅ አለ።

«ውሻ? የሹጉፍታ እናት፣ ጤና የለሽም እንዴ? ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም!»

«ያንተን ሐሜት የቻሉ መላእክት ናቸው ለቡችላ የሚሸሹት? ለማንኛውም ግቢ ነው የሚያድረው። ልጆቹ ሄደዋል፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ከዛፉ ሥር ነህ። ቤቱ ጭር አለብኝ፣ የሹጉፍታ አባት። እኔም የሚጠብቀኝ ነገር እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ስለተናገረች ኑር ዳድ ለውሻው የሚሆን ገመድ ፈልጎ አመጣላት። 

ጋብሩ ልቡ ደግ፣ ወፍ ሲያይ ግን የሚያብድ ውሻ ነበር። ቁራ ሲያይ ግድግዳ ይቧጥጣል፤ የጎረቤት ዶሮ ሲያይ ገመድ ይበጥሳል። በሦስተኛው ቀን፣ ኑር ዳድ ለጸሎት ሲታጠብ፣ ውሻው የባድሻህን ጎጆ በሁለት እጁ ገፍቶ ከምሰሶው ላይ ጣለው። ጎጆው እየተንከባለለ እስከ ውኃው ጋን ድረስ ሄደ፤ ጋብሩም ጨዋታው ጥሞት እየጮኸ ተከተለው። ባድሻህ የተነቀለበት ሦስት የጅራት ላባ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ጠፋ። በማግስቱ ጨርቁ ሲገለጥ ጥግ ይዞ ተኮራመተ። በሳምንቱም ያው። የሩቅ ውሻ ድምፅ ሲሰማ እንኳ ክንፉን ያርገበግባል፤ የዶክ ጃምጣል ውሻ ደግሞ በቁጥር ከሰው አይተናነስም። ኑር ዳድ ሪዙን ዳሰሰ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቃዛ ምላጭ ከንፈሩ ላይ ታየው፤ ፈራ።

መጀመሪያ ጋብሩን በጩኸት ሞከረው፤ ውሻው አብሮት ጮኸ። በጫማ ሞከረው፤ ጫማውን በላው። ከአንድ መነኩሴ መሳይ ፈዋሽ የተቋጠረ ጥቁር ክር አምጥቶ አንገቱ ላይ ቢያስርለት ክሩንም በላው።

«ወይ ውሻው ይውጣ ወይ እኔ ሪዜን ተሰናብቼ ልሙት!» አለ ግቢው መሐል ቆሞ።

ሳርዳራን ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ! ውሻውን ብታስወጣ የቆቁ ፍርሃት አብሮ ይወጣል? ይልቅ ልጠይቅህ። ወንበርህ ላይ የሚቁነጠነጥ ልጅ ሲመጣብህ በጫማ ነው የምትመታው?»

«አልመታም። ምላጩን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። እጄን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፌ ወሬ አወራለታለሁ። ዝም ሲል እጀምራለሁ፤ ሲቁነጠነጥ አቆማለሁ።»

«ታዲያ ጋብሩ ከማሊክ ጉልዛር ልጅ በምን ያንሳል?»

በዚያው ቀን ተጀመረ። ኑር ዳድ ውሻውን ከግቢው ጥግ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ምሰሶ ጋር አሰረው፤ የተሸፈነውን ጎጆ ሌላው ጥግ አስቀመጠ፤ ራሱ ቅቤ የተቀባ ቂጣ በኪሱ ይዞ ከውሻው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጋብሩ ወደ ጎጆው አፍጥጦ ገመዱን ሲወጥር ምንም አይሰጠውም፤ አይቆጣውምም። ሰልችቶት ዞር ብሎ ፊቱን ሲያየው ያን ጊዜ ቁራሽ ያጎርሰዋል። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፎ፣ ለደንበኛ በሚያወራበት በዚያ በሚያስተኛው ድምፅ ያወራለታል። «የባለሱቁ ሁለተኛ ሚስት እኮ ወርቋን ለወንድሟ ሰጥታለች፤ ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። ውሻው ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ሚስጥር ጠባቂ ደንበኛ ኑር ዳድ በዕድሜው አጋጥሞት አያውቅም።

ጋብሩ ሲተኛ፣ አገጩን መሬት ሲያስነካ፣ የጎጆው ጨርቅ ይገለጣል። ብድግ ሲል ጨርቁ ይወርዳል። ይህ የወንበሩ ሕግ ነው፤ ኑር ዳድ ፈቀቅ አላለበትም። በየቀኑ ጎጆው አንድ የገመድ አልጋ ያህል ይቀርባል። አምስት ቀን ሲሄድ በስድስተኛው ቁራ መጥቶ ሁሉን ያበላሸዋል፤ እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ደንበኞች ፂማቸው አድጎ ሊፈልጉት ሲመጡ ቻቻ ኑር ዳድ ለውሻ ሐሜት ሲያወራ ያገኙታል።

«ቻቻ፣ የኔን ጉዳይም ነገርከው?» ይለዋል አንዱ።

«ያንተንማ በመጀመሪያው ቀን ነው የነገርኩት። አልገረመውም።»

በሃያኛው ቀን ጋብሩ ከጎጆው በስተቀኝ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ፣ አገጩን በሁለት እጁ ላይ አሳርፎ፣ በግማሽ ዐይኑ አየ። ጨርቁ ተገለጠ። ባድሻህ አንገቱን አስግጎ ውሻውን ተመለከተው፣ ውሻው አዛጋ። ያን ጊዜ ቆቁ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ። ሳርዳራን ከማጀት ሮጣ ወጣች፤ ኑር ዳድ ዕንባው ሪዙ ላይ ወርዶ ነበርና እንዳታየው ፊቱን አዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሦስቱም አብረው ማሳ ይወርዱ ጀመር፤ ውሻው ይተኛል፣ ጨርቁ ይገለጣል፣ ምስጥ ይሰጣል፣ ቆቁ ይጮኻል። በአሥር ደቂቃ ሃምሳ ደረሰ። ኑር ዳድ ማሊክን ባገኘው ቁጥር «ሳሙናህን ግዛ፤ የኔ አይበቃህም» ይለው ጀመር።

የበዓሉ ቀን ሜዳው በጥምጥም ተሞላ። ሃፊዝ ራምዛን፣ ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው የገመድ አልጋ ላይ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ጩኸት አንዲት ዶቃ ይጥላሉ። ውሻ ወደዚያ ሜዳ አይገባም። ሰዉ ሁሉ ለጸሎት ታጥቦ፣ ውዱ አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ቆቆችም ይደነግጣሉ፤ ስለዚህ ጋብሩ ከሳርዳራን ጋር ቤት ቀርቷል። መጀመሪያ የማሊክ ቱፋን ቀረበ። በአሥር ደቂቃ ሠላሳ አንድ።

«ሠላሳ አንድ ብቻ!» ብሎ ሳቀ ኑር ዳድ፤ ጎጆውን መሐል ሜዳ አስቀምጦ እንደ አስማተኛ ጨርቁን ገለጠ።

ባድሻህ ዝም አለ።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት አለፈ። ቆቁ አልተኮራመተም፣ አልፈራም። በጎጆው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ አንገቱን ሰብሮ በስተቀኝ ያለውን ባዶ መሬት ያያል፣ ቀና ብሎ ኑር ዳድን ያያል፣ ደግሞ መሬቱን ያያል። የጠፋ ዕቃውን የሚፈልግ ይመስላል።

«ቻቻ፣ ቆቁ ረስቶታል፤ አንተ ጀምርለት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሳሙናውን አምጡልኝ፤ ውኃ አሙቁ!» አለ ማሊክ እጅጌውን እየጠቀለለ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ኑር ዳድ አሁን ገባው። ውሻው ሲተኛ ጨርቅ ይገለጣል፣ ምስጥ ይመጣል፣ መጮህ ይጀመራል፤ ይህን ሕግ ጋብሩ ብቻ ሳይሆን ባድሻህም ተምሮታል። ለቆቁ ውሻ ያልተኛበት ቦታ ገና ሥራው ያልተጀመረበት ቦታ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለሱ ነበር! ውሻውን ላምጣ ቢል ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከአሥሩ ደቂቃ አራቱ አልቀዋል። ሪዙን ዳሰሰ። ሰዉን ዞር ብሎ አየ። እያንዳንዱን ራስ በእጁ ያውቀዋል፤ እነዚህን ሁሉ ሲያሳቅባቸው የኖረው እሱ ነበር።

ከዚያ ጥምጥሙን አውልቆ አስቀመጠና ከጎጆው በስተቀኝ በሆዱ ተኛ። ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ ዘረጋ፣ አገጩን በላያቸው ላይ አሳረፈ፣ ዐይኑን በግማሽ ከደነ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ከሳቁ ብዛት ከአልጋ ወደቁ።

«ምንድነው ሳቁ? ምን ሆነ?» አሉ ሃፊዝ ራምዛን መቁጠሪያቸውን ወጥረው።

«ጌታው ሃፊዝ፣ ኑር ዳድ መሬት ላይ ተኛ!»

«ኢንና ሊላሂ! ሞተ?»

«አልሞተም! እንደ ውሻ ነው የተኛው፤ አገጩን እጁ ላይ አድርጎ!»

«ይህ ማታለል ነው፤ ይከልከል!» ብሎ ጮኸ ማሊክ።

ሃፊዝ ራምዛን አሰቡ። «የከለከልነው ውሻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ፀጉር ቆራጭ የተባለ ነገር የለም። ዝም በሉ፣ ልስማበት።»

ኑር ዳድ አዛጋ። ባድሻህ አየው፤ አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ሪዝ ያለው ውሻ አይቶ አያውቅም፣ ግን አገጩ መሬት ነክቷል፤ ሕጉ ሕግ ነው። ደረቱን ነፍቶ ጮኸ። ደገመ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ዶቃው በሃፊዝ ጣት ሥር ይሮጣል፤ ሳቁ ጠፍቶ ሰዉ ትንፋሹን ይዞ አብሮ መቁጠር ጀመረ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ኑር ዳድ አቧራ አፍንጫው ገብቶ ሊያስነጥሰው ሲል ከንፈሩን ነክሶ ቻለው። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። የሰዓቱ ማብቂያ ከበሮ ተመታ። ሠላሳ አንደኛውና ሠላሳ ሁለተኛው ጩኸት የመጡት ከከበሮው በኋላ ነው።

«በአንድ ዶቃ» አሉ ሃፊዝ ራምዛን፤ እሳቸውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ማሊክ ጉልዛር አሸንፏል።»

ኑር ዳድ ልብሱን አራግፎ ሄዶ ማሊክ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቃል ቃል ነው። ማሊክ አረፋውን ቀባውና ምላጩን ያዘ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲላጭ የኖረ እንጂ ላጭቶ የማያውቅ ሰው ነው። የቀኙን ግማሽ ጎተተው፣ ቧጠጠው፣ ደም አወጣበት፤ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተንጠለጠለ። የግራውን ሲጀምር ኑር ዳድ ቻለ፣ ቻለ፣ ከዚያ አልቻለም። ሽንፈቱን ችሎ ነበር። ሥራውን ግን መቻል አቃተው።

«ስጠኝ ወዲህ!» ብሎ ምላጩን ነጠቀው። «ሰው ነው የምትላጨው ወይስ በግ ነው የምትገፍፈው? ቆዳውን ወጥር! ምላጩን አጋድም! እንዲህ!» እያለ፣ መስታወት ሳይዝ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ አርባ ስድስት ዓመት የኖረውን ሪዝ በራሱ እጅ በአራት ስበት አነሣው። ጥርት ያለ ሥራ ነበር። ማንም አልሳቀም። ማሊክ ጉልዛር ፎጣውን አቀበለውና መሬት መሬት አየ።

ወደ ቤቱ ሲሄድ አፉን በሻሉ ሸፈነ። ነፋሱ ከንፈሩን ሲነካው ራቁቱን የሚሄድ መሰለው። ሜዳ ሙሉ ሰው ሲስቅበት እንዲህ አልጨነቀውም፤ የፈራው የግቢውን በር ነው። ሳርዳራን ፊቱን ያለ ሪዝ አይታው አታውቅም። ከሥሩ ምን እንደምታገኝ እሱም አያውቅም፤ ምናልባት ቀጭን፣ ተራ፣ የማያምር የሽማግሌ አፍ ነው።

በሩን ሲከፍት ጋብሩ ብድግ ብሎ ጮኸበት። በወፍ ፊት ጭምት የሆነው ውሻ ሻል የተሸፈነ ሰው ሲያይ ማን እንደሆነ አላወቀውም።

«ተሸነፍክ» አለች ሳርዳራን።

«በአንድ ዶቃ።»

«ጮኸ ግን?»

«ሠላሳ ጊዜ።»

«ውሻው ሳይኖር? እንዴት ሆኖ?»

«ውሻው እኔ ነበርኩ» አላት፤ እንዴት እንደተኛም ነገራት።

ሳርዳራን መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ግድግዳውን ያዘች፣ ከዚያ የምትይዘው አጥታ መሬት ተቀመጠች። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሹጉፍታ ከተዳረች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ሳቋ ተጋባበትና እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ሻሉ ወደቀ። እሷ ግን ሳቋን አቆመች። ተነሥታ ቀረበችው፣ በአውራ ጣቷ የቀረውን ሳሙና ከከንፈሩ ጥግ ጠረገችለት።

«ስትስቅ እንዲህ ነው የምትሆነው?» አለችው።

«እንዴት?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትስቅ ድምፅህን ብቻ ነው የሰማሁት። አይቼህ አላውቅም።» እጇን አላነሣችም። «ስማኝ፣ የሹጉፍታ አባት። መልሰህ የምታሳድገው ከሆነ እኔና ጋብሩ ነገ ሹጉፍታ ጋ እንሄዳለን።»

ኑር ዳድ በሕይወቱ ተሸንፎ ደስ ያለው ቀን ይህ ብቻ ነው። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ አብረው እንደገና እንዲስቁና አፉን እንድታየው ብሎ፣ ስለ ማሊክ የምላጭ አያያዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያወራላት ጀመር።